ዘጠኝ ሴኮንድ ዝምታ

ደብዳቤውን ያገኘችው ለእኩለ ቀኑ ዜና አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ልታነባቸው ባዘጋጀቻቸው ወረቀቶች መካከል፣ ከአየር ጠባዩ ዘገባ በላይ ተሸጉጦ ነበር። ፖስታ የለው፣ ስም የለው። ያም ሆኖ የማን እጅ እንደጻፈው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ፊደሎቹ እንደ ጸሐፊያቸው ቀጭንና ቀጥ ያሉ ነበሩ።

“ዛሬ እዚህ የመጨረሻ ቀኔ ነው። ተራራው ላይ ወዳለው ማሰራጫ ጣቢያ አዛውሩኝ ብዬ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ነኝ። እዚያ ከማሽን በቀር የሚያዋራኝ የለም፤ ማሽን ደግሞ ሲነኩት አይሸሽም። ረቡዕ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ‘አትንካኝ!’ ስትይኝ አልተቀየምኩሽም። የዳኛ ልጅና የዘበኛ ልጅ በመስታወት ሲተያዩ እኩያ ይመስላሉ። መስታወቱ መኖሩን የረሳሁት እኔ ነኝ። ድምፅሽን አደራ።”

ክው አለች። ደግማ አነበበችው።

በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም “ባለሻርፗ” ነው የሚላት። ፀሐይ አናት ሲበሳም፣ ሰማይ ሲከፋም፣ ከአንገቷ እስከ ቀኝ ጉንጯ በሱፍ ሻርፕ ተጠቅልላ ትገባለች፣ ተጠቅልላ ትወጣለች። ሰላምታዋ በአንገት ነው። ሻይ ቤት አብራቸው አትቀመጥም። “ባለሻርፗ የሚከፈላት በቃል ቁጥር ስለሆነ በነፃ አታወራም” ይላሉ ባልደረቦቿ። አንዱ ደግሞ “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” እያለ ያስቃቸዋል። እሷ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ትሰማና ታልፋለች። ኩሩ ቢሏት ይሻላታል። እውነቱን ካወቁ ግን ከዚያ ማይክሮፎን ፊት እንደሚያስነሷት ታውቃለች።

እውነቱ በቀኝ ጉንጯ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጥርሷን ስትቦርሽ ድንገት ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ እስከ ከንፈሯ ጫፍ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘራት፤ ብሩሹን ጥላ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተዋትም። ነፋስ ሲነካት ይነሳል። ስታኝክ፣ ስትስቅ፣ ስታወራ ይነሳል። አንዳንዴ ምንም ሳታደርግም ይነሳል። ሐኪሞቹ የፊት ነርቭ ሕመም ነው አሏት። ክኒን ሰጧት፤ ክኒኑ ሕመሙን ሲያደነዝዝ ምላሷንም አብሮ ይጎትተዋል። ቀዶ ጥገና አለ አሏት፤ ቢላዋው ሕመሙን ሊገላግላት ይችላል፣ ከንፈሯን ግን ዕድሜ ልኳን ሊያደነዝዘውም ይችላል።

እሷ ደግሞ ከዓለም ሥራ ሁሉ የተመኘችው መናገርን ነው። ገና በሰባት ዓመቷ የአባቷን ጋዜጣ ዘርግታ፣ ማንኪያ አፏ አጠገብ ይዛ፣ “ውድ አድማጮቻችን” እያለች እንግዳ ሁሉ እራት እስኪቀዘቅዝበት ታነብ ነበር። ካደገች በኋላ ሥራ ፍለጋ መጀመሪያ ወደ አንድ ሌላ ጣቢያ ስትሄድ ስለ ሕመሟ ሳትደብቅ ተናገረች። “ስትድኚ ተመለሺ” ብለው በትህትና ሸኟት። እዚህ ስትመጣ ግን አፏን ዘጋች። አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያና የተቀዳ ዝግጅት አነበበች። ሲያማት ተቀርጾ የነበረው ይቆረጣል፣ እንደገና ይቀዳል፤ ማንም አያውቅባትም። በዚህ ሳምንት ግን ዋና አዘጋጇ የአምስት ቀን ሙከራ ሰጠቻት። የእኩለ ቀን ዜና፣ በቀጥታ። አምስቱን ቀን ያለ እንከን ከተወጣችው ወንበሩ የሷ ይሆናል። አራቱ አልፈዋል። ዛሬ ዓርብ ነው።

ደብዳቤውን የጻፈው “ሽቦ” ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ኪሱ ሁልጊዜ በሽቦ ቁራጭ የተሞላ ስለሆነ ከአለቃ እስከ ጽዳት ሠራተኛ ሽቦ ይሉታል። የድምፅ ቴክኒሻን ነው። አባቱ ደግሞ እዚያው ጣቢያ በር ላይ ዘበኛ ናቸው፤ የሷ አባት ዳኛው በመኪና ሊወስዷት ሲመጡ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።

ፍቅራቸው የተጀመረው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ድምፅ ሲሞክር ሌሎቹን “ከአንድ እስከ አምስት ቁጠሩ” ይላቸዋል። እሷን ግን “ቁርስሽን ምን በላሽ?” ነበር የሚላት። እሷም “ገንፎ” ትለዋለች። በማግስቱ “ገንፎ።” በሦስተኛው ቀን “ኧረ ገንፎ ታክሲ ቢሆን ኖሮ ስንት ቦታ ባደረሰሽ!” አላት፤ ስቃ እንዳይነሳባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አፏን ሰፋ አድርጋ እንደማትከፍት ያስተዋለው እሱ ነው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ዝም ብሎ የማይክሮፎኑን ኃይል ከፍ አደረገላት፣ ድምፅዋን ሳታስጨንቅ እንድታነብ። ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ቀደደችው። ሌላም ጻፈች፤ ያንንም ቀደደችው። “ታማሚ ናት” ብሎ ሲያስብ ዓይኑ ውስጥ የሚመጣውን ለውጥ ለማየት ድፍረት አጣች።

ረቡዕ ዕለት ከንባብ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። “ዛሬ አስደነቅሽን” አላትና ጉንጯ ላይ የተጣበቀ የሻርፕ ክር ሊያነሳላት እጁን ዘረጋ። ጣቱ ሲቃረብ አየችው። ያ እጅ ቢነካት ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ እንደምትጮህ ታየትና “አትንካኝ!” ብላ እንደ እሳት ሸሸችው። አምስት ስድስት ሰው ዞሮ አየ። እሱ እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ልታስረዳው ፈለገች፤ ግን ሰው ሁሉ ያይ ነበር። ጥላው ሄደች።

አሁን ለዜናው ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሮጣ ሄዳ ልትነግረው አሰበች። ግን መንገር ማለት ማውራት ነው፤ ምላሷ እንዳይጎተት ደግሞ የጠዋቱን ክኒን አልዋጠችም። አሁን የምታወራው እያንዳንዱ ቃል ከዜናው ላይ የሚቀነስ መሰላት። ደብዳቤውን ወረቀቶቿ መሃል መለሰችው።

ስቱዲዮው ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ስፖንጅ ለብሷል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ። ሻርፗን ፈታ ወንበሩ ላይ አኖረችው። በመስታወቱ ማዶ እሱ አቀርቅሮ ቁልፎቹን ይነካካል። ቀና በል፣ አለችው በሆዷ። አንዴ ብቻ እየኝ።

“የድምፅ ሙከራ” አለ በጆሮ ማዳመጫዋ። ድምፁ እንግዳ ነበር። “ከአንድ እስከ አምስት ቁጠሪ።”

የገንፎው ጥያቄ ቀርቷል። ከሌሎቹ እኩል አደረጋት።

“አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራ...” አራት ላይ ከጆሮዋ ሥር አንዲት ትንሽ ብልጭታ ተሰማት። ታውቃታለች። ከትልቁ በፊት የምትላክ መልእክተኛ ናት። አምላኬ፣ አሁን አይሁን። አሥር ደቂቃ ብቻ ስጠኝ፣ ከዚያ እንደፈለገ ያድርገኝ።

ቀይ መብራቱ በራ።

“ውድ አድማጮቻችን እንደምን ዋላችሁ...”

የመጀመሪያው ዜና በሰላም አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ከንፈር የሚያጋጥሙት ፊደላት ናቸው የሚያስፈሯት፤ “ም” ስትመጣ ነፍሷ ትንጠለጠላለች፣ “ብ” ስታልፍ ትመለሳለች።

“በሰሜናዊው መንገድ ላይ የሚገኘው ትልቁ ድልድይ ለጥገና ሲባል ከፊታችን ሰኞ ጀም...”

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደረሰ።

የጋለ ብረት በጆሮዋ ገብቶ በድዷ የወጣ መሰላት። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ድምፅ አልወጣትም፤ መጮህ እንኳ አልቻለችም። ቀኝ እጇን ጉንጯ አጠገብ አቆመችው፣ ሳትነካው፣ ሻማ ከነፋስ እንደሚጋርድ ሰው። ከቀኝ ዓይኗ ብቻ እንባ ይወርድ ጀመር። የግድግዳው ሰዓት ቀይ ዘንግ ይዞራል። ሦስት። አራት። በዚያች ሰዓት በታክሲ ውስጥ፣ በልብስ ስፌት ቤት፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ዝምታዋን ይሰማል። አባቷም በየቀኑ ያዳምጣሉ። ስድስት። ሰባት። አለቀ፣ አለች። ሕልሜ እዚህች ወንበር ላይ አለቀ።

ዘጠነኛው ላይ የጣቢያው መለያ ሙዚቃ ገባ።

“ሙዚቃ ላይ ነን” አላት ሽቦ በማዳመጫው። ድምፁ ተለውጧል፤ የድሮው ድምፅ ነበር፣ ግን ፈርቷል። “ማይክሮፎንሽ ዝግ ነው፣ ማንም አይሰማሽም። ምን ሆንሽብኝ?”

ቀና ብላ አየችው። ቆሟል። ሁለት እጆቹ መስታወቱ ላይ ናቸው። ለመናገር ሞከረች፤ አልሆነም። እርሳሷን አነሳችና ከፊቷ ያገኘችውን ወረቀት ገልብጣ ጻፈችበት። የሱ ደብዳቤ ነበር። ፊደሎቿ ተጣመሙ፤ አንዱ በሌላው ላይ ወደቀ። ከዚያ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው፦

“ፊቴን ያመኛል። ሦስት ዓመቴ ነው። ነፋስ እንኳ ሲነካኝ እንዲህ ያደርገኛል። ንቄህ አይደለም። ፈርቼ ነው።”

ዓይኖቹ መስመሮቹን ሲከተሉ አየች። እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ተመለሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችውን፣ በዓይኑ ውስጥ የሚመጣውን ለውጥ፣ ጠበቀች። ለውጡ መጣ፤ ግን እሷ ካሰበችው ጋር አይመሳሰልም ነበር። አንድ ሰው የጠፋበትን ነገር በገዛ ቤቱ ሲያገኘው እንዲህ ያደርገዋል።

ከኋላው በሩ በረገደ። ዋና አዘጋጇ ናት፤ ዜና ያለ ርኅራኄ ስለምትቆርጥ በሌለችበት “መቀስ” የሚሏት።

“ምንድነው ይሄ ጉድ?” ስትል በመስታወቱ ውስጥ ከአፏ እንቅስቃሴ ይነበብ ነበር። “ቁረጠው! የተቀዳ ነገር ልቀቅ!” እጇን ወደ ቁልፎቹ ላከች። ሽቦ በክንዱ ከለከላት። አለቃውን! እሷ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና በድንጋጤ ዓይኗን ጨፈነች።

“እትዬ፣ አንድ ጊዜ” ሲል በማዳመጫው ሰማችው። “እሷን ልጠይቃት፣ እባክዎ።” ከዚያ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። “ትቀጥያለሽ? በቃኝ ካልሽ እዘጋዋለሁ፤ ምንም አይደለም። እቀጥላለሁ ካልሽ ጣትሽን አሳዪኝ።”

ትልቁ አልፏል፤ ግን አንዴ ከመጣ ተከታይ እንደማያጣ ታውቃለች። ደግሞ ቢይዘኝስ? በዚህ ላይ ብጮህስ? ሰውነቷ በሙሉ “ውጪ፣ ሽሺ” ይላታል። ፍርሃቷ እንዳለ ነበር፤ ጣቷ ግን ተነሳች፤ እሷንም ገረማት።

“ኃይሉን ጨምሬልሻለሁ። ለሕዝብ አታንብቢ፤ ለኔ ብቻ በሹክሹክታ አንብቢልኝ።”

ቀይ መብራቱ በራ።

“ስለተፈጠረው መቋረጥ አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። በሰሜናዊው መንገድ ላይ የሚገኘው ትልቁ ድልድይ...”

ቀሪዎቹን ስድስት ደቂቃዎች በአፏ ግራ ጎን አነበበቻቸው። ሁለት ጊዜ ብልጭታዋ መጥታ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ በነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ወስዳ አሳለፈቻት። እሱ ከመስታወቱ ማዶ አንዴም አላቀረቀረም።

“ዝጊው በሩን” አለች ዋና አዘጋጇ በቢሮዋ። “አሥራ አንድ ሰው ደውሎልኛል። አንዷ ሴትዮ ‘ልጅቷ ሞተች ወይ?’ ብላ ታለቅሳለች። እኔ ሰው በሦስት ሴኮንድ ዝምታ አባርሬ አውቃለሁ። ምንድነው የሆንሽው?”

ነገረቻት። በአጭር በአጭሩ፣ እያረፈች፣ ሁሉንም ነገረቻት። ክኒኑን እንደዘለለችም አልደበቀችም።

“እና ለምን ደበቅሽኝ?”

“ብነግርዎት ኖሮ ይቀጥሩኝ ነበር?”

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች፣ አስተዋለቻት፣ መልሳ አደረገች። “አልቀጥርሽም ነበር” አለች። “ሐሰት ምን ይሠራልኛል።” ወደ መስኮቱ ዞረችና ጀርባዋን እንደሰጠቻት ቀጠለች። “ያለ ክኒን መግባት አበቃ፤ መጠኑን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ሲብስብሽ ጠዋት ትደውያለሽ። ሰኞ ትመጫለሽ፤ ከጎንሽ ሁለተኛ አንባቢ አስቀምጣለሁ፤ ስትቆሚ እሱ ይቀበልሻል። ሦስት ወር እንየው። ካልሆነ አልሆነም፤ ያኔ እንዳታለቅሺብኝ።”

“አላለቅስም” አለች እያለቀሰች።

ደስታው ገና ጉልበቷ ሳይደርስ፣ ከቢሮው ስትወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ የታወቀ የጫማ ኮቴ ሰማች። አባቷ ዳኛው ነበሩ። ኮታቸውን አልቆለፉም፤ እሷ በሕይወቷ ኮታቸውን ሳይቆልፉ አይታቸው አታውቅም። ከኋላቸው ዘበኛው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቁና ቁና እየተነፈሱ ይከተላሉ። ሽቦም ከመቆጣጠሪያው ክፍል ብቅ አለ።

“ነይ ልጄ” አሉ ዳኛው። “በቃ። እንሂድ።”

“አባዬ...”

“ሰማሁት። ከችሎት መልስ መኪና ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ድምፅሽ ሲቋረጥ ልቤ አብሮ ቆመ።” የሚፈርዱበት ድምፃቸው ከድቷቸው ነበር። “መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያነሳሁሽ እኔ ነኝ። ዳግመኛ ላይሽ አልችልም። ለቀዶ ጥገናው ቀን አስይዣለሁ። ቤትሽ ትተኛለሽ፣ ትድኛለሽ፣ አለቀ።”

እጃቸውን ዘረጉላት። ሽቦ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ዳኛው ዞሩበት። “አንተ ማነህ?”

ሽቦ አፉን ሲከፍት አባቱ ቀደሙት። ዘበኛው የልጃቸውን እጅጌ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱት። “ምንም አይደለም ጌታዬ፣ ልጄ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉለት። ና ልጄ፣ ና፣ እኛን አያገባንም።” ድምፃቸው የዳኛው ያህል ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸውም ለልጃቸው ነበር የፈሩት።

ሁለቱ አባቶች ልጆቻቸውን ወደየራሳቸው ሲስቡ እሷ መሃል ቆማ አየች። ሽቦ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አየች። ሰኞ ተራራው ላይ ነው። በወረቀት ብትጽፍለት ዛሬ አይደርስም። አፏ ውስጥ ብልጭታዋ እንደገና ጀምራለች፤ አሁን ብትናገር እንደሚመታት እርግጠኛ ነበረች። ከዚህ በፊት ሕመሙ እየመጣ መሆኑን አውቃ አፏን ከፍታ አታውቅም።

“አባዬ” አለች። “ቀኑን ሰርዝልኝ። ስወስን እኔ ራሴ እነግርሃለሁ። ሥራዬን አልተውም።” ትንፋሽ ወሰደች። “ማነህ ያልከው ደግሞ... የምወደው...”

መታት። ግድግዳውን ያዘች። ዳኛው “ልጄ!” ብለው ዘለሉ፤ እጇን አንስታ አቆመቻቸው። ዘበኛው የልጃቸውን እጅጌ ለቀቁት። ሽቦ አጠገቧ ደረሰ፤ አልነካትም። ነፋስ እንዳያገኛት በኮሪደሩ ክፍት መስኮትና በሷ መካከል ቆመ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ። ሕመሙ እስኪያልፍ አራቱም በአንድ ትንፋሽ ጠበቁ።

“...የምወደው ሰው ነው” ብላ ጨረሰችው።

ዳኛው ሁለቱን በየተራ አዩ። መስኮቱንም አዩ። ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። “ነፋሱ ይጎዳታል” አሉ ለማንም ሳይሆን፤ ጥቂት ቆይተውም “ያንን መስኮት ዝጉት” አሉ። ዘበኛው ሮጠው ዘጉት። ሲመለሱ የሚቆሙበት ጠፋቸውና፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው ጠጋ አሉላቸው።

“ተራራው ላይ የሚጠብቁኝን ማሽኖች ምን ልበላቸው?” አለ ሽቦ በሹክሹክታ።

ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ዝቅ አደረገች።

“‘አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተናግራ አስቀረችኝ’ ብላቸው ያምኑኛል?”

ሳቅ ከሆዷ ተነሳ። “አታስቀኝ” አለችው፣ “እሞትብሃለሁ፣ አታስቀኝ።” ፈራች፤ ነገንም፣ ሰኞንም፣ ይህንኑ ሳቅም ፈራች። ሳቁ ግን አልሰማትም፤ በአፏ ግራ ጎን ሾልኮ ወጣ፣ እንባዋ በቀኝ በኩል እየወረደ።